ገና ያልወጣው ኮምፒዩተር

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፣ ላይፕዚግ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እህል ውሃው ተስማምቶሃል? ዓይንህስ ደህና ነው? ስለ ዓይንህ የምጠይቅህ አሞህ ሰምቼ አይደለም፤ በሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚውል ዓይን መድከሙ አይቀርም ብዬ ነው። እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን ብዬ እንድጀምር ወጉ ያዘኛል። ግን ደህና አይደለንም፤ ናፍቆቱም ቢሆን በእኔ በኩል ካለቀ ሰነበተ። እናታችን ግን ትናፍቅሃለች። አሁን ለአስተርእዮ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እንዲህ ስጽፍልህ ብታየኝ ወረቀቱን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበርና ሳትመለስ ለመጨረስ ነው የምጣደፈው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። አብራኝ የምታስተምረው የትርንጎ ወንድም ገብረአማኑኤል ለትምህርት ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጁ ይሰጥሃል። ስለዚህ ዛሬ ቃል እየመረጥሁ አልጽፍም፤ ለመንግሥትም ብዬ፣ ለአንተም ብዬ።

በኅዳር የጻፍኸው ደብዳቤ የገና ሰሞን ደረሰን። እናታችን እንዳነብላት አጠገቤ ተቀመጠች። የበርሊን ግንብ መፍረሱን በሬዲዮ ሰምተን ስለነበር ደህና መሆንህን ትነግረናለህ ብለን ጠብቀን ነበር። አንተ ግን የጻፍኸው ግንቡ ስለፈረሰ በየቅዳሜው ወደ ምዕራቡ በርሊን ተሻግረህ ሱቅ ማየት እንደቀለለህ ነው። ሌላው ሰው በዚያ ግንብ ላይ ወጥቶ ሲያለቅስና ሲተቃቀፍ፣ የእኔ ወንድም በመካከሉ አልፎ ኮምፒዩተር ሊያይ ሄደ! ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ገጽ ሙሉ እንደ ሻንጣ ስለሚታጠፈው፣ በጭን ላይ ስለሚቀመጠው ማሽን ነው። ባለ 286 የሚባለው አርጅቷል፣ ባለ 386 እየቀጠነ ነው፣ ግን እሱንም አሁን መግዛት ሞኝነት ነው፣ ባለ 486 የሚባል ፕሮሰሰር እየመጣ ነውና ይህ የማሽኑ አንጎል ከሻንጣው ውስጥ ሲገባ ሁሉም ይለወጣል አልህ። የሥዕሉም ነገር እንዲሁ፤ አሁን ያለው ብርቱካናማ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ በቅርቡ ግን ባለ ቀለሙ ሳይወጣ አይቀርም፣ ያንተ ግምት ለሚቀጥለው መጸው ነው። ለእናታችን አንድ መስመር ደረሳት፤ «እማዬን ሳሚልኝ» የሚል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ታናሻችን ደምመላሽ ትንሽ ይታገሥ አልህ።

ደምመላሽ ቤት የለም። በጥቅምት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። እስከ ዛሬ ያልነገርንህ እናታችን በፈተናህ ሰሞን ልቡ አይሸበር ብላ ስላስማለችኝ ነው። እኔ ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ይሸበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ የጻፍኸውን የምታስታውስ አይመስለኝም። በ1980 ክረምት ያ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ መምህራን ማሰልጠኛ ሲመደብ እናታችን ጎረቤቱን ሰብስባ እልል አስባለች። እኔም በቤቱ ውስጥ የጠመኔ ባልንጀራ ላገኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንተ ግን ጻፍህለት። መምህርነት የትናንት ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቴን ስጨርስ በጭን ላይ የሚቀመጠውን ኮምፒዩተር ይዤ እመጣለሁ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የጽሕፈትና የሥዕል ቤት እንከፍታለን፤ እኔ ማሽኑን አሠራዋለሁ፣ አንተ ትስልበታለህ አልኸው። ሰማንያ ልጅ ፊት ቆሜ የምውለው እህትህ የትናንት ሥራ እንደምሠራ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ንዴቴን ለራሴ ያዝሁት። ልጁ ግን ማሰልጠኛውን ተወው።

እንዴት አይተወው? እጁን ታውቀዋለህ። ጎረቤላ ላይ ያሉት የሻይ ቤትና የልብስ ሰፊ ሰሌዳዎች በሙሉ የእሱ ናቸው፤ እስከ ደነባ ድረስ እየተጠራ ሰሌዳ ይጽፍ ነበር። አንተ አሥራ ስድስት ቀለም የሚያሳይ የማሽን መስታወት ሊወጣ ነው ብለህ ስትጽፍለት ያ ልጅ እህል አልበላ አለ። የትኞቹ አሥራ ስድስት ናቸው? ብሎ ጠየቀህ፤ አልመለስህለትም። ራሱ ቁጭ ብሎ በቀለም እርሳስ አሥራ ስድስት ሳጥን ቀባ። ለአንኮበር ጭጋግ ሦስት ግራጫ ስለሚያስፈልግ ወይን ጠጁን አወጣሁት፣ ማሽን ሠሪዎቹም ማውጣታቸው አይቀርም እያለ ይከራከረን ነበር። የእናታችን ምርጫ ቢጫው እንዲወጣ ነበር፤ ቢጫ አይወጣም ብሎ ተቆጣት። እንዲህ ነበር የምናመሸው፤ ማንም ያላየውን ማሽን ቀለም እያወጣንና እያስገባን።

ጋሽ ዓወል፣ ያባታችን ወዳጅ፣ ለአባታችሁ ነፍስ ብዬ ነው ብለው በደብረ ብርሃን ካለው መጋዘናቸው የፊት ለፊቱን ክፍል ያዙለት። ደምመላሽ ለዚያ ክፍል ሰሌዳ ሠራ። በሰሌዳው ላይ «ባለ 286 ኮምፒዩተር» ብሎ ጻፈ። የሚቀጥለው ደብዳቤህ መጣ፤ አጥፍቶ «ባለ 386» አለው። አንተ ለመስከረም እመጣለሁ አልህ፤ ከዚያ ለፋሲካ አልህ፤ ከዚያ ደግሞ የተሻለው እየመጣ አሮጌ ይዤ መምጣት አያዋጣም አልህ። አንተን ሲጠብቅ የማሰልጠኛው ምዝገባ ሁለት ጊዜ አለፈ። ሁለተኛው ሊያልፍ ሲል እኔ በግልጽ ተጣላሁት። ጋሼ ዘርአ የሚያውቀውን አንቺ አታውቂም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላውቅም ነበር።

በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ቀበሌው ወጣቶቹን ለስብሰባ ጠራ። ሄዱ፤ በሩ ተዘጋባቸው። ተማሪውና ሠራተኛው እየተጣራ ወጣ። ደምመላሽ ከሁለቱም አልሆነ። እናታችን ሰምታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ያንተን ደብዳቤዎች በሻሽ ጠቅልላ ሮጠች። ልጄ ሥራ ፈት አይደለም፣ ሥራው ከውጭ አገር እየመጣ ነው ብላ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈችው። ሊቀመንበሩ የማያነብ ሰው እንዳይመስልህ፤ አንድ በአንድ አነበበው። ከዚያም እናቴ፣ ይኼ ሁሉ ይሆናል ነው፣ ይመጣል ነው፣ ሳይወጣ አይቀርም ነው፤ ሆነ የሚል፣ መጣ የሚል አንድ ቃል የለበትም አላት። ደብዳቤዎቹን ደርድሮ መለሰላትና ልጁን መዘገበው። ያን ሰው እጠላዋለሁ፤ በመንገድ ሲመጣ መንገድ እቀይራለሁ። ግን ደብዳቤህን ከሁላችንም በተሻለ ያነበበልህ እሱ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

እኔ ማሽኑ የለም አላልሁም። አለ፤ በመጽሔት ላይ ፎቶውን አይቻለሁ። እየተሻሻለ ይሄድ ይሆናል፣ ቀለምም ያወጣ ይሆናል፣ ዕውቀቱ አለህና ግምትህም ትክክል ይሆናል። የእኔ ጠብ ሌላ ነው። አንተ ማሽኑን እየጠበቅህ አይደለም። አንተ አገርህ መመለስ አትፈልግም፤ አልመለስም ማለት ደግሞ አፍረሃል። ሁልጊዜ የሚቀጥለው ከአሁኑ የሚሻልበት ነገር አገኘህና ከኋላው ተደበቅህ። ፈራሁ ብትል ማን ይፈርድብሃል? እዚህ ያለውን ማን አጣው? አልመጣም ብለህ አንድ መስመር ጽፈህ ቢሆን ኖሮ እናታችን ሦስት ቀን ታለቅስ ነበር፤ ልጁ ግን ማሰልጠኛው ገብቶ ዛሬ መዘዞ ወይ ሌላ ቦታ ጠመኔ ይዞ ቆሞ ነበር። አንድ መስመር ነስተኸን ሦስት ሦስት ገጽ ሰጠኸን።

አሁን ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ስማ። ጋሽ ዓወል ከደብረ ሲና ዕቃ ጭነው ሲወጡ ጣርማ በር ላይ ቆሙ። ዋሻው እንደምታውቀው መኪና እያሳለፈ መኪና ያስቆማል። ከወዲህ በኩል ወታደር የጫኑ መኪናዎች እየወጡ ወደ ቁልቁለቱ ሊወርዱ ተሰልፈው ነበር። ከአንዱ መኪና ላይ «አባ ዓወል! አባ ዓወል!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ወላሂ መጀመሪያ አላወቅሁትም፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ካፖርቱ ውጦት ነበር አሉኝ። የእኛ ልጅ ነው። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን እየወሰዱት ነው። ጋሽ ዓወል ያላቸውን ዳቦና የአንገት ፎጣቸውን ወረወሩለት። እሱ ግን እስኪርቢቶ ነው የለመናቸው። በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ጫር ጫር አድርጎ ወረወረላቸው፤ መኪናውም ሄደ።

ወረቀቱን ትናንት አመጡልኝ። ዳቦ ላኪልኝ የሚል፣ አስወጡኝ የሚል፣ ፈርቻለሁ የሚል ይሆናል ብዬ ገለጥሁት። እንዲህ ይላል፤ «እትዬ፣ ደህና ነኝ። ጋሼ ዘርአ ምን ጻፈ? ባለ ቀለሙ ወጣ ወይስ ገና ነው? ገና ከሆነ እሰየው፤ እኔ እስክመለስ አይውጣ።»

ሌላ ነገር የለበትም። አለቀስሁ። ለእናታችን ደህና ነኝ የሚለውን ብቻ ነግሬ ሌላውን ደበቅኋት። ከዚያ በአንተ ላይ ያለኝን ቁጣ ሁሉ ሰብስቤ ልሳደብ ወረቀት አወጣሁ፤ ሰድቤሃለሁም። አሁንም አልወጣልኝም። ግን ያ ልጅ ተሸክሞ የሄደው ያንተን ወሬ ነው። እዚያ ቁልቁለት ሲወርድ በእጁ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እኔ የምተካለት የለኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ታደርጋለህ። እባክህ አላልሁም፤ ታደርጋለህ። ለደምመላሽ ትጽፍለታለህ። የክፍሉን አድራሻ ጋሽ ዓወል ጠይቀው አግኝተውልኛል፣ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለልህ። እንደ ለመድኸው በረጅሙ ጻፍለት። ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ መስታወቱ ሦስት ገጽ ጻፍ። የትኞቹ አሥራ ስድስት ቀለሞች እንደሆኑ ጠይቀህ፣ ካጣህም ፈጥረህ ንገረው፤ ወይን ጠጁን ማውጣታቸው አይቀርም በለው። በርታ፣ አይዞህ አትበለው፤ እሱን የሚሉት በዝተውለታል። ይቅርታም አትጠይቀው። ይቅርታ ከጠየቅኸው የማትመጣ መሆንህን ያውቅብሃል። ለእኔ ግን ለብቻዬ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብለህ አንዱን ጻፍልኝ፤ ከዚያ ሌላ ከአንተ የማነበው የለኝም።

እናታችን ሰላም ትልሃለች፤ የሚሞቅ ልብስ አለው ወይ በይልኝ ብላለች። አክስታችን መነን ጉልበቷን እያመማት ከቤት አትወጣም፤ እሷም ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ዓወል አላህ መንገድህን ያቅናልህ ብለዋል፤ የያዙትን ክፍል እስካሁን ለሰው አላከራዩም፤ ልጆቻቸው ያሕያና ነሲባም ሰላም ብለውሃል። ሰሌዳውን አብሮ የሠራው አናጢው ወልደተንሣኤ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ ይጠይቅሃል። እናታችን ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነው መሰል የግቢው በር ተንኳኳ።

ለደምመላሽ ስትጽፍ ግን አደራ። ገዝተኸው ከሆነ ገዛሁ አትበለው። ወጥቶም ከሆነ ገና አልወጣም በለው።

እህትህ ትርፌ
አንኮበር፣ ጎረቤላ
ጥር 21 ቀን 1982 ዓ.ም.