ከፈንሽን የሰጠሽ ለት

እማዬ ሆዴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ከተለያየን ሰባት ወር ሞላን። እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ገና ያልመጣ ዝናብ ፈርቼ ስጥ የማነሳ።

ቤቱ ደህና ነው። ቡናማዋ ፍየል መንታ ወልዳለች። አማችሽ ሰይድ የጓሮውን አጥር አጥሮ ጨረሰ፤ አንቺ ስንት ዓመት ለመንሽው! ትልቁ ወሬ ግን የኔ ነው። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ያለፈው ሲወርድብኝ አቅፈሽኝ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ በዚህኛው መደሰት ፈራሁ። አንዲት ጨርቅ አልገዛሁለትም። ሲንቀሳቀስ እደነግጣለሁ፣ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል።

ሰሞኑን ከፈንሽ ትዝ ይለኛል። ከጅዳ ስመለስ በዘምዘም ውሃ ነክሬ ያመጣሁልሽ፣ የምትቀበሪበት ነጭ ጨርቅ። በየወሩ እያወጣሽ ፀሐይ ላይ ታሰጪው ነበር። አይጥ በላው ብለሽ ከገበያ መንገድ የተመለስሽበት ቀንም አለ። ጭንቀት ካንቺ ወርሼ ይሆናል።

ከዚያ የአረፋ ለት ጎረቤታችን እትየ ዘነበች አረፉ። ክርስቲያን ናቸው፣ ዘመድ አልነበራቸውም፤ በበዓሉ ደግሞ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። መገነዣ ጨርቅ ጠፋ። አንቺ ሳጥንሽን ከፍተሽ ያንን አወጣሽው። ባሕር ያሻገርኩትን ብዬ ጮህኩብሽ። እሷን ዛሬ ቸግሯታል፣ እኔ ዛሬ ልብስ ለብሻለሁ ብለሽኝ ወጣሽ። ሁለት ቀን አኩርፌሽ ነበር፤ አውፍ በይኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆንሽ። በስተርጅና አርዲቦ ሐይቅ ውሰጂኝ አልሽ። እኔ የመመለሻ ባጃጅ እናጣለን ብዬ መንገድ መንገድ ሳይ፣ አንቺ እግርሽን ውሃው ውስጥ ከተሽ ሸንኮራ ታኝኪ ነበር። ያን ቀን ሳስብ ጥርት ብሎ የሚታየኝ መንገዱ ነው፤ ፊትሽን በደንብ አላየሁትም። እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ስትሄጂስ ምን ጎደለሽ? ጎረቤቱ ለራሱ ያስቀመጠውን ከፈን እያወጣ ይዞ መጣና የማንን ተቀብለን የማንን እንደምንመልስ ቸገረን። በለቅሶው መሃል ሳቄ መጣ፤ አላህ ይማረኝ።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ልጁ ረገጠኝ። እንደ ልማዴ ሰይድን ልጠራ፣ ጤና ጣቢያ ልሮጥ ብድግ አልኩ። ከዚያ መልሼ ተቀመጥኩ። ምስሩን ትቼ እጄን ሆዴ ላይ አሳረፍኩና እስኪበቃው ሲራገጥ አዳመጥኩት። ደስ አለኝ፣ እማዬ።

ሴት ከሆነች በስምሽ እጠራታለሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ ነበር፤ ተውኩት፣ እሱ የነገ ነው። አንቺን ማስታወስን ግን ለነገ አላሳድርም፤ የየቀኑን በየቀኑ አስታውስሻለሁ። የዛሬውን ይኸው ጻፍኩልሽ። ነገ የሚሆነውን አላህ ያውቃል፤ ዛሬ ግን እናት ነኝ።

ልጅሽ ዘሐራ