በሴቶቹ በር የሚያልፍ አምፕሊፋየር

ውድ ጀውሀር፣

አላህ የጂዳን ሙቀት ሳይሆን ሰላምታዬን ብቻ ያለህበት ኮምቦልቻ ያድርስልኝ። ከእህትህ ከነኢማ ሰርግ በፊት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። ኪቦርድ የምትጫወተው ጓደኛዬ ሚስራም ሰምታዋለች፤ እሷ ከኔ ብሳ ተናደደች። «ሀሲና፣ ኻላስ፣ በቃ! ሴቶች ጋ ከበሮና ኪቦርድ ይበቃል። ትንሽ አምፕ የልጅ መጫወቻ ነው፣ አታሳፍሪን። ኒካሃችን ሳይታሰር ቤዝ ጊታሩን ለበሽር ስጪውና ባዶ እጅሽን ነይልኝ» ብለሃል። ደውዬ ብመልስልህ ኖሮ እንደለመድከው ታስቀኝና ንዴቴን ታስረሳኝ ነበር። ስለዚህ ሰርጉ እስኪያልፍ ጠበቅሁና ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ስለዚያ ስለ ትልቁ አምፕ እንነጋገር። ከነኢማ በፊት ለነበረው ለሰፊያ ሰርግ «ወንዶቹ ጋ ከሚጫወተው ከበሽር ተዋሺ» ያልከኝ አንተ ነህ። ስለ ዋቱና ስለ ስፒከሩ ስፋት ስትተነትንልኝ አመሸህ። በሩን ግን አላሰብከውም፤ ዕድሜህን ሙሉ የተጫወትከው በወንዶቹ ወገን ነዋ! በሽርና ጓደኞቹ ከመኪና አውርደው እያለከለኩ እስከ ሴቶቹ መጋረጃ ድረስ አመጡትና ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ወንድ አያልፍም። ከውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሂናቸው ገና አልደረቀም። ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ያንን ጥቁር ሳጥን ከበው አዩት። የሰፊያ አክስቶች በክርናቸው ሊገፉት ሞከሩ፤ ሳቁ፣ ተዉት። ሂና ያልተቀባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ብቻዬን ደግሞ ንቅንቅ ላደርገው አልቻልኩም። በመጨረሻ ወንዶቹ መልሰው ወሰዱትና ለመንዙማቸው ማይክ ሰኩበት።

እኔ ያልተሰካ ቤዝ ታቅፌ ሰርጉን በሙሉ ከሚስራ ጎን ተቀመጥኩ። አንዷማ መጥታ ለፎቶ አውሺኝ አለችኝ። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። አንተ ግን «አላልኩሽም? ሴቶች ጋ ቤዝ ምን ይሠራል?» አልከኝ። ጥፋቱ የበሩና ያንተ ምክር ሆኖ ሳለ በኔ ጣቶች ላይ ፈረድክ።

ነኢማ «በሰርጌ ቤዝሽን ካልሰማሁ አኮርፋለሁ» ስትለኝ ሚስራን ይዤ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አዲል የሚባል ሱዳናዊ ነው። «ለወንድምሽ ነው?» አለኝ።

«ለኔ ነው።»

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ስንት ዋት ትፈልጊያለሽ?»

«እሱን በኋላ። መጀመሪያ ልሸከመው።»

ቤዜን በጀርባዬ አነገትኩ፣ በአንድ እጄ አባያዬን ሰበሰብኩ፣ በሌላው አምፑን አንጠልጥዬ የሱቁን ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነበር፤ ግን ወፍራሙን ክር ስመታው ተንጫጫ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል። ሚስራ አጠገቤ ኪቦርድ ከፍታ በሁለት እጇ ስትጫወት ቆየችና፣ የቤዝ ድምፁን የምታወጣበትን ግራ እጇን አነሳች። እኔ በባቲ ቅኝት ገባሁበት። ወፍራሙ ክር ሳይንቀጠቀጥ ሙሉ ሆኖ ወጣ። አምፑ ከኋላው ደግሞ ወደ ሰርግ አዳራሹ ስፒከሮች የሚሄድ መስመር አለው። ትልቁን ድምፅ አዳራሹ ይስጥ፤ ለኔ ራሴን የምሰማበት ይበቃኛል። ይህን አንተ አልነገርከኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አዲል «ደረጃዬን ጨረስሽው እኮ፣ ያላ፣ ወስነሽ ግዢ!» አለኝ። ወሰንኩ።

እናትህ እማማ ካሰች ለነኢማ ሰርግ ከመካ፣ ነካሳ ከሚባለው ሰፈራቸው፣ መጥተው ነበር። ሳጥኑን አንጠልጥዬ መጋረጃውን ገልጬ ስገባ አዩኝ።

«ያ ልጄ፣ ነገ ሙሽራ የምትሆን ሴት እንዲህ ትሸከማለች? የሚያግዝሽ ጠፋ?»

«የሚያግዘኝ ወንድ እዚህ አይገባም፣ እማማ» አልኳቸው።

ሴቶቹ ሲጨፍሩ እማማ አጠገቤ መጥተው ደረታቸውን ያዙ። «ይቺ ነገርሽ ልቤን መታችው። እስቲ ዝቅ አድርጊያት።» ዝቅ አደረግኩ። ጥቂት እንደቆዩ ሴቱን በትከሻቸው እየገፉ ተመለሱ። «መልሺያት፣ መልሺያት! እግሬ ምቱ ጠፋበት።» ወላሂ፣ ቃል አልጨመርኩም፤ ከፈለግህ ደውለህ ጠይቃቸው።

እናትህን ለመጠየቅ መካ ስሄድ ቤዜን እዚሁ ጂዳ፣ ሂንዳዊያ ቤቴ ትቼው እንደምሄድ ታውቃለህ። ለተቀደሰው ሐረም ያለኝ አደብ ነው፣ ማንም አላዘዘኝም። እኔ ራሴ አክብሬ የማስቀምጠውን ነገር ሌላ ሰው ጣይው ሲለኝ ግን አልሰማም።

ጀውሀር፣ እወድሃለሁ። በወንድሜ በዓብዱ ሳሎን፣ እሱ እያዛጋ ሲጠብቀን፣ ጣቶቼን በክሩ ላይ ያስቀመጥክልኝ አንተ ነህ። ያኔ ጎበዝ ስትለኝ ደስ ይልህ ነበር። አሁን ምን ነካህ? ቤዙ የኔ ነው፤ አሠሪዬ መዳም ቤት ልብስ እያጠብኩ የገዛሁት ነው። ለበሽር አልሰጥም። በሽር ከመጋረጃው ወዲያ ይጫወት፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ አለሁ። ባዶ እጄንም አልመጣልህም።

ሴት ኒካሁ ላይ ሸርጥ፣ ማለትም የራሷን ቅድመ ሁኔታ፣ ማስገባት እንደምትችል አንተም ታውቃለህ። ሌላዋ የቤት ኪራይ ወይ ወርቅ ታስገባለች። የኔን ሸርጥ ወንድሜ ዓብዱ በሽማግሌዎቹ ፊት ጮክ ብሎ ይናገረዋል፦ «ሀሲና ቤዟን ትጫወታለች።» ሸይኹ ወዳንተ ዞረው ይጠይቁሃል። ተቀብያለሁ ካልክ ያንተ ነኝ፣ በሙሉ ልቤ።

ዝም ካልክ ደግሞ፣ ዐርብ እዚሁ ጂዳ ካራንቲና ሰፈር ሰርግ ላይ እንድጫወት ተጠርቻለሁ፤ ቤዜን ይዤ ወደዚያ እሄዳለሁ።

የቤዟ ባለቤት፣
ሀሲና
ሂንዳዊያ፣ ጂዳ