የሰረዝኩት የግንበኛ ዓይን

ውድ አባባ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎስ? እንቅልፍ እንደ ልብ ይወስድዎታል? እማማስ ሳሉ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ባለፈው ስደውል «እንግዲህ እኔ ተቀምጦ በላ ሆኛለሁ» ያሉኝ ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ይህን የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

አሁን የምሠራው ዓይን በሚለካበት ክፍል ነው። የሚመጡት ሕመምተኞች አይደሉም፤ ከሰባት ዓመት ሕፃን እስከ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ሰው በየዕድሜው ምን ያህል ረቂቅ ነገር እንደሚያይ እንመዘግባለን። ተመርማሪው አገጩን ማስደገፊያ ላይ አሳርፎ ስክሪን ያያል። ሁለት አጫጭር መስመሮች አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው ይመጡለታል። የላይኛው ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ ፈቀቅ እንዳለ ቁልፍ ተጭኖ ይነግረናል። ዝንፈቱ እያነሰ ሄዶ ከፀጉር ይቀጥናል። ሕፃናቱ ቶሎ ይሰለቻሉ፤ አንዷማ «ለምን እናንተ አታቃኑትም?» ብላ ተቆጣችኝ።

ባለፈው ሳምንት ጡረታ የወጡ የሰባ አራት ዓመት ግንበኛ መጡ። የፊደል ሰሌዳው ፊት ሲቆሙ ከሦስተኛው መስመር በታች አንዲት ፊደል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እኔም በልቤ «እኚህስ ምኑን ያዩታል» አልኩ። መስመሮቹ ሲመጡ ግን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ፤ ልክ እርስዎ ቱምቢ ጥለው ግድግዳ እንደሚያዩት! አገጭዎን ያሳርፉ ብላቸው ማን ሰምቶኝ። ውጤታቸው ከሃያ ዓመት ወጣቶች ጋር እኩል ሲሆንብኝ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ሰረዝኩት።

ኃላፊያችን ይህን ስትሰማ «የተሰረዘው መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ ሰውየው ስላረጁ ነው?» አለችኝ። አዛውንቱን አስጠርታ፣ አገጫቸውን ራሷ አስተካክላ፣ ሦስት ጊዜ ለካቻቸው። ሦስቱንም ጊዜ ያው! ፊደል ማንበብ ያቃተው ሁሉ ዝንፍ ያለውን መለየት ያቅተዋል ማለት አይደለም አለችኝ። አዛውንቱ ግን ሳቁና «ልጄ፣ ፊደልስ ድሮም አይወደኝም፤ ግድግዳ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም» አሉ። እንዴት እንደኮራሁባቸው! ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርስዎንም የሰረዝኩት እኔ ነኛ! ከመሄዴ በፊት የመድኃኒት ብልቃጥ አምጥቼ «እስቲ ይህን ያንብቡ» ብዬ፣ ሲያቅትዎ ጊዜ ያ ሁሉ ሊሸኘኝ የመጣ ሰው ፊት «ግንበኝነቱ ይብቃዎት» አልኩዎት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ማለት ይኸው ነው። እርስዎም ቱምቢዎን ጠቅልለው አስቀመጡ። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። አርባ ዓመት ያቆሟቸው ግድግዳዎች ሁሉ ቀጥ ብለው እያየሁ፣ በአንድ ብልቃጥ ፈረድኩብዎት።

መሰላል ይውጡ አላልኩም፤ ጉልበትዎን አውቀዋለሁ። ለንባቡም መነጽር ያሻዎታልና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ግን ወንድሜ የሚሠራውን ግድግዳ ከታች ቆመው ይዩለት። ዝንፍ ካለ ያስፈርሱት፤ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ወንድሜን «አለቃህ ተመልሷል» ይበሉልኝ፤ ለሚስቱና ለመንትዮቹም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ይህን የምታነብልዎት እህቴ ሲረዝምባት መዝለል ትወዳለች። ይቅርታ የጠየቅኩበትን ቦታ ግን ሁለት ጊዜ ታንብበው፤ ጮክ ብላ፣ ያን ቀን የነበሩት ሁሉ ባሉበት።

ልጅዎ
ከመለኪያው ክፍል፣ የካቲት 17 ቀን