የተዘቀዘቀው ነጠላና ለዋንጫ የታጨው ፊልም

ለክቡር የፊልም ማንሻ መሥሪያ ቤት ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን አለ? የሰኔ ብርድ ደረትዎን እንዳይነካው፣ የልደታ ጭቃ ያን የተወለወለ ቡትዎን እንዳያበላሽብዎ፣ የካሜራዎም መስታወት ጉም እንዳይዘው እኛ የልደታና የጌጃ ሰፈር ነዋሪዎች ከልብ እንመኛለን። ስለ እኛ ቢጠይቁ፣ እርስዎ እንደተዉን አለን።

በሲኒማ ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ቆመን አንብበናል። በዚህ ክረምት በአገርዎ በጣልያን፣ በባሕር ጠረፍ ባለች ከተማ ለሚደረገው ታላቅ የፊልም ውድድር የሚላኩት ሥራዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የትኛውም ዋናውን ዋንጫ ይወስዳል ተብሎ እንደሚጠበቅ ተረድተናል። ከፊልሞቹ በአንዱ ውስጥ እኛ ራሳችን ስላለንበት አስተያየት ብንሰጥ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብን ተስፋ እናደርጋለን። ቢቆጥሩብንም እንሰጣለን።

ይህን የምጽፍልዎ ሰው ዕድሜዬን በጋዜጣ ቤት ያሳለፍሁ ነኝ። ጋዜጣችን ከተዘጋ ወዲህ የምጽፈው ለጎረቤት የሚያስፈልገውን ማመልከቻ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የታተመ ስሕተት አይቼ እርማት ሳልጽፍ ማለፍን ዛሬም አልለመድሁም። ስለዚህ የሰፈሩን ቅሬታ በእርማት መልክ፣ በቁጥር አድርጌ አቀርብልዎታለሁ።

፩. «መንገዱ ይናገራል» የተባለው ፊልም ለዋንጫው ከታጩት አንዱ ነው። አይተነዋል፤ መንገዱ በእርግጥ ያምራል። አንድ መኮንን ዶማ አንሥቶ ድንጋይ ሲመታ ይታያል። ከመኮንኑ በፊት ያንን ድንጋይ ለወራት ሲፈልጡ የከረሙት የሰፈራችን ሰዎች ግን ካሜራው ሲመጣ ከጉብታው ጀርባ እንዲቀመጡ ታዘው ስለነበር አንዳቸውም አልታዩም። መንገዱ ይናገራል መባሉ ልክ ነው፤ ምን ብሎ እንደሚናገር ለመስማት ግን ከጉብታው ጀርባ መቀመጥ ያስፈልጋል።

፪. «የምሕረት እጅ» በሚለው ፊልም ውስጥ አንድ ወታደር ለድኻ ሽማግሌ ብርድ ልብስ ሲያለብስ እናያለን። ሽማግሌው ጎረቤታችን አቶ ዋቅሹማ ናቸው። ሥዕሉ እስኪያምር ድረስ ደጋግሞ ስለተነሣ ብርድ ልብሱን ደጋግመው ተቀብለዋል፤ ደጋግሞም ተወስዶባቸዋል፤ በመጨረሻ የተወሰደው አልተመለሰም። ለመልካም ተዋናይ የሚሰጥ ሽልማት ካለ ከእርሳቸው የሚቀድም የለም፣ በየጊዜው አምነው ተቀብለዋልና። ሽልማቱ ባይመጣም ብርድ ልብሱን ቢልኩላቸው መልካም ነው፤ ክረምቱ ገብቷል።

፫. ሦስተኛው ፊልም በሮማ አዳራሽ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ብዙ አንልም። ፊቱን ጥላሸት የተቀባ ተዋናይ የእኛን አገር ባላባት ሆኖ ይሠራል፤ ነጠላውንም ከገላ መታጠቢያ የወጣ ሰው ፎጣ እንደሚጠመጥም ወገቡ ላይ ጠምጥሞታል። በዚህ አንቀየምም። ነጠላ አለባበስ እንደ ቋንቋ ያለ ነገር ነው፤ ያልተማረው ሰው ይሳሳታል። ይህችን ነገር ብቻ በልብዎ ያኑሩልኝ፤ ከዚህ ቀጥሎ ታስፈልገናለች።

፬. አሁን ዋንጫውን ይወስዳል ወደተባለው፣ ወደ እኛው ፊልም እንምጣ፤ «ፈገግተኛዋ ከተማ» ብለው ሰይመውታል።

በጥር ወር እርስዎ ራስዎ ካሜራዎን ይዘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ወዳለው ሜዳ መጡ፤ ሰፈሩንም በሙሉ በወታደር አስጠሩ። የታዘዝነው አዲሱን መንግሥት በደስታ የሚቀበል ሕዝብ እንድንሆን ነበር። እንደ ወትሯችን ነጠላችንን ለብሰን፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገን ተሰለፍን። እርስዎ በካሜራዎ ቀዳዳ አይተው አልወደዱትም። ይህን የመሰለ የእጅ ሥራ፣ ይህ ባለቀለም ጥለት፣ አቧራ ላይ ተጎትቶ ለምን ይጠፋል፤ ዞሮ ወደ ላይ ይውጣና ፊታቸውን ይክበበው አሉ። አስተርጓሚዎ አቶ ፈቃደ ቃልዎን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለ። እርስዎም ቶሎ በል ብለው ጮኹበት። ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞረና ትእዛዝዎን በድምፅ ማጉያው በአንዲት ቃል ተረጎመው፤ «ዘቅዝቁት» አለን።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው፣ ጥለቱም ከእግር ተነሥቶ ወደ ፊታችን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ምላሳቸው የማያርፈው ጎረቤታችን ወይዘሮ ጠጅቱ «አንተ ፈቃደ፣ ሰውየው ልቀሱ ነው የሚለን?» ብለው ጠየቁት። «እትዬ፣ እኔ ያለውን ነው ያልሁት» አላቸው። «በል እንግዲያ አመስግንልን፤ በነሱ ቤት የእኛን ሐዘን የሚያውቅ ሰው መኖሩን አልሰማንም ነበር» አሉና ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ከዚያ ሁላችንም ዘቀዘቅን። ፈቃደም «ያመሰግኑዎታል» ብሎ ሲነግርዎ ባርኔጣዎን ከፍ አድርገው ተቀበሉ።

የምናዝነው ለማን እንደነበር አሁን ልንገርዎ። አምና በየካቲት፣ በእነዚያ ቀናት ከዚህ ሰፈር የተገደሉት ሰዎች ለቅሶ አልተለቀሰላቸውም። የሰፈሩ የጦር ሹም ድንኳን እንዳይተከል፣ ሰው እንዳይሰበሰብ፣ ነጠላ የዘቀዘቀም እንዲያዝ አዝዞ ነበር። ወይዘሮ ወለተሰንበት ባላቸውን አቶ ገብረጊዮርጊስን ከገዛ ደጃቸው ላይ አጥተው፣ እንደ ሰርግ ቤት ሰው ጥለታቸውን ወደ ታች አድርገው ከረሙ። ጎረቤት «እግዜር ያጥናሽ» የሚላቸው ውኃ ሲቀዱ፣ በጆሯቸው ነበር። እርስዎ ግን የጦር ሹሙ የከለከለንን በአደባባይ፣ በድምፅ ማጉያ አዘዙን፤ ማንም እንዳይረብሸን ወታደር አቆሙልን፤ ቁመታቸው ለሥዕል ይስማማል ብለውም ወይዘሮ ወለተሰንበትን ከሁሉ ፊት አደረጓቸው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምስጋና የሚመስል ነገር ብዙ ያገኛሉ፤ እውነተኛው ይህ አንዱ ነው።

፭. በግንቦት ፊልሙ ለእኛ ታየ። በሥዕሉ ላይ የሴቶቹ የለቅሶ ድምፅ በማርሽ ሙዚቃ ተሸፍኗል፤ ነገር ግን ወይዘሮ ወለተሰንበት መጋረጃውን ሞልተው ብቅ ሲሉ ከንፈራቸው «ገብሬ፣ ገብሬ» እንደሚል ለማወቅ ማንም ፊደል መቁጠር አላስፈለገውም። አዳራሹ ተነሥቶ ቆመ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ዓመት ሙሉ የታፈነው ለቅሶ በማርሽ ታጅቦ ወጣ። በማግሥቱ ፊልሙ ሲደገም ወይዘሮ ጠጅቱ ንፍሮ ቀቅለው መጡ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው ባዶውን አይሸኝምና። በሩ ላይ የቆመው ወታደርም እፍኝ ተቀብሎ አመስግኗል።

መሥሪያ ቤትዎ በመንግሥትዎ ጋዜጣ ላይ ያወጣው ወሬ እንዲህ ይላል፦ «የአገሬው ሰዎች ፊልሙን አይተው የምስጋና እንባ አፈሰሱ፤ ደስታቸውንም በልማዳቸው መሠረት የተቀቀለ ጥራጥሬ በማደል ገለጹ።»

እርማት፦ «የምስጋና» የሚለው «የሐዘን» ተብሎ ይነበብ። «ደስታቸውንም» የሚለውም እንደዚሁ። ጥራጥሬው ትክክል ነው።

፮. ከዚህ በኋላ የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ የነገረዎ ሰው ተገኘ። ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ብንገምትም አንጽፍም። በዚያን ጊዜ ፊልሙ በመርከብ ተጭኖ ሄዶ ነበር። ስለዚህ መርከቡን ማሰር ባይቻል ፈቃደ ታሰረ። ክሱም ቃል አጣሞ ተርጉሟል የሚል ነው።

የቃል ነገር የእኔም እንጀራ ስለነበረ በዚህ ላይ በእርጋታ ልናገር። እርስዎ ጥለቱ ዞሮ ወደ ላይ ይውጣ አሉ። በአማርኛ ነጠላን እንዲህ ማድረግ መዘቅዘቅ ይባላል። ሌላ ቃል ይፈለግ ከተባለ ቅርብ የሚሆነው «ገልብጡት» ነው። ሰፈር ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ፣ በድምፅ ማጉያ፣ አስተርጓሚዎ «ገልብጡት!» ብሎ ቢጮኽ ኖሮ ዛሬ ክሱ ስለ ነጠላ አይሆንም ነበር። ፈቃደ ከሁለቱ ቃላት ለመንግሥትዎ የሚሻለውን መርጧል። እንዲያውም ሲቀጠር ከራሱ አንዲት ቃል እንዳይጨምር ያስጠነቀቁት እርስዎ ነበሩ፤ አልጨመረም። ሹመት የሚገባውን ሰው አስረዋል።

፯. አሁን ደግሞ በመጪው እሑድ እንደገና እንድንሰለፍ አስነግረዋል። ጥለታችንን ወደ ታች አውርደን፣ ጥርሳችንን አሳይተን፣ እልል ብለን ከተነሣን አዲሱ ሥዕል በአውሮፕላን ተልኮ በአሮጌው ቦታ እንደሚገባ፣ ፈቃደም እንደሚፈታ ሰምተናል። እምቢ ካልን ግን እርሱ ወደ በረሃው እስር ቤት ይላካል ተብለናል። ከዚያ እስር ቤት ተመልሶ የመጣ ሰው በሰፈራችን የለም።

ሰፈሩ ስለዚህ ነገር ተሰብስቦ መከረ፤ መሰብሰባችንን ይቅር ይበሉን። ውሸት አልጽፍልዎትም፤ ብዙዎቻችን ለፈቃደ ስንል ጥርሳችንን ለማሳየት ቆርጠን ነበር። የከለከሉን እናቱ ወይዘሮ ሠርካዲስ ናቸው። «ልጄ የታሰረው ቃል ሳያጣምም ነው፤ እናንተ ፊታችሁን አጣማችሁ ብታስፈቱልኝ ምን ብዬ አየዋለሁ? እሱስ ወለተሰንበትን በምን ዓይኑ ያያታል?» አሉ። ወይዘሮ ወለተሰንበትም ከተቀመጡበት ተነሥተው ሄደው ከአጠገባቸው ተቀመጡ።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው። እሑድ እንመጣለን፤ ተጠርተን መቅረት ነውር ነው። ነገር ግን እንደ መጀመሪያው ትእዛዝዎ ዘቅዝቀን እንመጣለን፤ እልልታም ከእኛ አይሰሙም። ጥለቱ የሚወርደው ፈቃደ ቤቱ ሲገባ፣ እኛም ለሙታኖቻችን ድንኳን ተክለን፣ አልቅሰን፣ ሐዘናችንን በወጉ ስናወጣ ነው። ከዚያ በፊት ቢያስፈራሩንም፣ ቢያስደበድቡንም፣ ቢያስተኩሱብንም በካሜራዎ የሚገባው ያው የለቅሶ ሥዕል ነው፤ ለቀስተኛው ብቻ ይበዛል።

ስለ ውድድሩ ግን አይጨነቁ። ዕድሜ ልኩን የሰው ሥራ ሲመዝን ከኖረ ሰው ምክር ይቀበሉ፦ በማስታወቂያዎ ላይ ካሉት ሁሉ ለዋንጫው የሚበቃው የእኛው ነው። በእርሱ ውስጥ ያስመሰለ ሰው የለም። ዳኞቹም ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንዳይሸልሙ በማሰብ ስለ ነጠላ አለባበሳችን አጭር ማብራሪያ በጣልያንኛ አዘጋጅቼላቸዋለሁ፤ በጅቡቲ ባቡር የሚሄድ ሰውም አላጣንም። ችግሩ ጣልያንኛዬ ደካማ መሆኑ ነው፤ የሚያርምልኝም ፈቃደ ብቻ ነው። ቤቱ ቢመለስ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየተከራከርን ውድድሩ ሳናስበው ያልፍብን ይሆናል። ታስሮ ከቆየ ግን ማብራሪያውን ከነስሕተቱ ለመላክ እገደዳለሁ። ስሕተቱ የሰዋስው ብቻ እንደሆነ ቃል እገባልዎታለሁ።

ለብርድ ልብሱ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ ለማርሹና ከሁሉ በላይ ለዚያች አንዲት ትእዛዝዎ ያለብንን ምስጋና ደግመን እየገለጽን፣ የካሜራዎ ዓይን እንዲበራ፣ የእርስዎም እንዲከተለው እየተመኘን፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እንነሣለን።

የሰፈሩን ሰዎች ወክዬ፣
በፊልምዎ ውስጥ ከወይዘሮ ወለተሰንበት ኋላ የሚታየው፣ ነጠላው እስከ አፍንጫው ስለደረሰ ፊቱ የማይለየው ሰው

ልደታ፣ ሰኔ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፈን ከማስታወቂያዎ ጎን የለጠፍነው ሆን ብለን ነው። በመሥሪያ ቤትዎ አማርኛን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚተረጉም አንድ ሰው ነበር፤ እርሱንም አስረውታል። እንግዲህ ምን እንዳልንዎ በትክክል ለማወቅ ከእስር ቤት ሊያስጠሩት ነው። ሲያነብልዎ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ጥቂት ዝም ቢል፣ እባክዎ ቶሎ በል ብለው አይጩሁበት። ባለፈው ጊዜም ዝም ያለው የሚነግርዎ ነገር ስለነበረው ነው።