የአባባ አንቴና ገመድ

ቂርቆስ፣ መጋቢት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የጂንካ ሙቀትና ወባው እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባን ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ በዚህ ጾም እንኳ ኪዳን አላስታጎሉም። እኔም ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ብቻ ተቃጥለዋል። ለምን እንደተቃጠሉ እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ አናደደኝ። አባባ ሆን ብለው በላዬ ላይ ያወራሉ፣ ስሜን ይጠራሉ፣ አቤት ስላቸው ጥለውኝ እንደገና ይጠሩኛል፣ ከዚያ ይዘጋሉ ብለሃል። አዲስ አበባ ቅር ሲሉህ እምቢ ብለህ የሄድክበትን ቀን እስከ ዛሬ እየቆጠሩብህ እንደሆነ ጽፈሃል። እስከ ፋሲካ ካልመለሱልኝ ሬዲዮኑን ዳግመኛ አልከፍተውም ብለህ ደመደምክ። አንተ ያለህበት ስልክ የለ፣ ፖስታው ወር ይፈጃል፤ ሁለታችሁም ፈቃድ ያወጣችሁበት ይህ የአማተር ሬዲዮ ከተዘጋ በምን ልትገናኙ ነው? ይህን ብታስብ ኖሮ አትጽፍም ነበር።

ደብዳቤህን ለአባባ አታሳዪ ብለሃል። አላሳየሁም። ግን ከዚህ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ እሳቸው ሳያነቡት እንደማይታሸግ ታውቃለህ፤ የፊደል ግድፈት ለማረም ነው ይላሉ። ይህንንም ያነቡታል። ያኔ ምን እንዳልክ ያውቃሉ። ይወቁት።

አሁን የኔን ጉድ ስማ። ከጥር ጀምሮ አባባ አንድ ቃል ነው ያላቸው፤ ገመዱ ነው። እሑድ በአሥር ሰዓት ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ይጠሩሃል፣ ይጠብቃሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው፣ ገመዱ ነው፣ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮኑ ጀርባ የሚያገናኘው ኮኔክተር ተበላሽቷል ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ኦፕሬተርነት የኖረ ሰው ገመዱ ነው ካለ ገመዱ ነው። እኔ ማን ነኝና እጠራጠራለሁ?

ስለዚህ ኮኔክተር ፍለጋ ወጣሁ። ካዛንቺስ የመጀመሪያው ሱቅ የቴሌቪዥን አንቴና ኮኔክተር ሰጠኝና አንድ ነው አለኝ። አንድ አይደለም፤ ቤት ወስጄ ብሞክረው የሕፃን ጣት የአዋቂ ጓንት ውስጥ እንደገባ ሆነ። ሁለተኛው ይሄ ድሮ ቀርቷል፣ ዲሽ አስገቡ ብሎ መከረኝ። ሦስተኛው ሰላይ ነሽ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ወደ ሰንጋ ተራ ላከኝ፣ ሰንጋ ተራዎች ወደ ቄራ ላኩኝ፣ ቄራ ስደርስ የተባለው ጥገና ቤት ሉካንዳ ሆኖ ጠበቀኝ። በጾም፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሜ ኮኔክተር አላችሁ ወይ ስል ሰዎቹ ምን እንዳሉኝ አልጽፍልህም።

በመጨረሻ ያገኘሁት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግነው ሃፍቶም ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ጀርባ ሁለት ፈታልኝ። አልጠየቅሽኝም እኮ አለኝ። እውነቱን ነው።

ብየዳውን እኔ ልሥራ አልኩ፤ የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ ተቀምጠው እየነገሩኝ ገመዱን ላጥኩ፣ የዙሪያውን ሽቦ ጠቀለልኩ፣ መሃሉን ከኮኔክተሩ ውስጥ አስገብቼ የብየዳውን ሊድ አቀለጥኩበት። ሊዱ በቃው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ገና አልመሸም አሉኝ። ሥራ ላይ ቀልድ ይወዳሉ ብዬ ተውኩት። ጣቴን ሁለት ቦታ ተቃጥዬ ጨረስኩና ቀና ስል ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ያንን ኮኔክተሩን ከሬዲዮኑ ጋር የሚያጠብቀውን ቀለበት፣ ከብየዳው በፊት ገመዱ ላይ ማጥለቅ ነበረብኝ። ከተበየደ በኋላ አይገባም። ያለሱ ደግሞ ኮኔክተሩ አይያዝም። አባባ ሲያዩት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉና፣ እሳቸውም በጀመሩ ዓመት እንዲሁ አድርገው አለቃቸው ቀለበቱን አንገታቸው ላይ አሥሮ ሲያዞራቸው እንደዋለ ነገሩኝ።

ቆርጬ እንደገና ሠራሁት። በሁለተኛው፣ አትሳቅ፣ ቀለበቱን ገልብጬ አጠለቅሁት። በሦስተኛው ሆነ። ግን በቆረጥኩ ቁጥር ስንዝር ስንዝር እየሄደ ገመዱ አጠረና ጠረጴዛው ድረስ አልደርስ አለ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞርን፣ ያንተ አልጋ በር ኋላ ገባ። ይህ ሁሉ ሆኖ እሑድ ደረሰ፤ አባባ ጠሩህ፣ ጠበቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገመዱ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

ባለፈው እሑድ ሃፍቶምን ለመንኩት። መለኪያውን ይዞ መጣ፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፣ አንቺ ከምትሠሪው ይልቅ የምትናደጂው ቢበዛም ብየዳሽ ጥሩ ነው አለኝ። አሥር ሰዓት ሆነ። አባባ ማዳመጫቸውን አደረጉ፣ ጠሩህ፣ ጠበቁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃ፣ ደሜ ፈላ። እንግዲህ ያልተቀየረ የቀረው ማዳመጫው ሬዲዮኑ ላይ የሚሰካበት ጃክ ብቻ ነው አለኝ ሃፍቶም። ከጀርባቸው ሄጄ ነቀልኩት።

ሬዲዮኑን ታውቀዋለህ፤ ጃኩ ሲነቀል ድምፁ ወደ ስፒከሩ ይዞራል። ቤቱ ባንተ ድምፅ ሞላ። አባባ፣ አባባ፣ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ ትላለህ። እንደ ጎረቤት ነው የሚሰማው፣ ትንፋሽህ ሳይቀር። እትዬ ሀብትነሽ የመጣህ መስሏቸው ከግድግዳው ማዶ እልል እያሉ ነጠላቸውን እየጎተቱ ገቡ። አባባ ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ እንደሆነ፣ ሽቦው ከምንም ሳይያያዝ ተንጠልጥሎ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አራት ጊዜ ጠራኻቸው። ቆጥሬአለሁ። ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ እትዬ ሀብትነሽን አይተው ተገርመው ሰላም አሏቸውና፣ ዛሬም የለም፣ ገመዱ ነው አላልኩም ወይ አሉ።

ሃፍቶም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ጃኩን ቀስ ብዬ መለስኩትና ፊታቸው ቆሜ፣ አዎ አባባ፣ ገመዱ ነው አልኳቸው።

ታዲያ አንቺ ለምን አልመለስሽልኝም ትለኛለህ። ማይክሮፎኑ ከእጄ ክንድ አይርቅም ነበር። ፈቃዱ በስሜ አይደለም ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፤ ውሸት ነው። ሰው ፊት አልቻልኩም፣ በቃ። ጓዳ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። ባንተ ተናደድኩ፣ በነዚያ ባለ ሱቆች ተናደድኩ፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ። ቤተ ክርስቲያን ከዓምዱ አጠገብ መቆሙን ትተው ቄሱ አፍ ሥር መቆም የጀመሩት መቼ ነው? የማታ ዜና መክፈት የተዉት? ሳወራ ዓይኔን ትተው አፌን የሚያዩት? አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ ሁለት ወር ሙሉ ኮኔክተር ስፈልግ ነበር።

አሁን የምጽፍልህን ዋና ነገር ስማ። ማክሰኞ ከመሥሪያ ቤት ቀደም ብዬ ስመለስ ሬዲዮኑ ተከፍቷል። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነው። አባባ ግራ እጃቸውን ስፒከሩ ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ከሬዲዮኑ የማን እንደሆነ የማላውቀው የሞርስ ምት ይወጣል። ቀኝ እጃቸው ይጽፋል። በሩን ዘግቼ ገባሁ፣ አልዞሩም። ከጀርባቸው ቆሜ ወረቀቱን አየሁ፤ የሰውዬው ስም፣ ያለበት አገር፣ ዝናብ እየዘነበበት እንደሆነ፣ ሁሉም ተጽፏል። አንድ ፊደል አልጎደለም።

መብራት ሲጠፋ ሞርስ እንዴት እንዳስተማሩን ትዝ ይልሃል? እኔን በአንድ ጉልበታቸው አንተን በሌላው አስቀምጠው፣ በጣታቸው ጭናችን ላይ እየመቱ። እኔ ቶሎ እረሳ ነበር፣ አንተ ግን ሲደክምህ እንኳ ትይዘው ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ በድምፅ አትጥራቸው። አትጩህ። ሳጥንህ ውስጥ የጣልከውን የሞርስ መምቻ አውጣና ምታ፣ ቀስ ብለህ። ይህ ደብዳቤ ሾፌሩ ታዲዎስ ይዞት ቅዳሜ ወደ ጂንካ ይነሳል፤ ለፊታችን እሑድ ባይደርስ ለሆሳዕና ይደርስልሃል። ምክንያቱን አልጽፍልህም። ያየሁትን ጽፌልሃለሁ፣ ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው፣ ይበቃሃል። ሬዲዮኑን አልከፍትም ያልከውን ደግሞ እንዳልተጻፈ ቆጥሬዋለሁ።

እትዬ ሀብትነሽ ሰላም ብለውሃል። ሃፍቶምም እንዲሁ። የቂርቆስ አምላክ ከወባና ከበረሃ ጠኔ ይሰውርህ፣ ለበዓሉ በሰላም ያድርስህ፣ የጠፋህን የእጅ ልምድ ይመልስልህ።

ሁልጊዜ የምትናፍቅህ
እህትህ

ልጄ፣ ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ። ሦስት ግድፈት ነበረበት፣ አርሜዋለሁ። ገመዱ ደህና ነው። እሑድ በአሥር ሰዓት እጄን አኖራለሁ። ቀስ ብለህ ምታ።
አባትህ