ለአዲሷ ቤዝ ተጫዋችህ ስለሚገዛው ሳጥን

ውድ ጂንፉ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ስለማይጀመር ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም እንዳትሰጠው። በስልክ የላክልኝን መልእክት አየሁት። ሁለት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ፣ ፊትህን በጨው ታጥበህ፣ «ትንሿ ሸን፣ እንዴት ነሽ? ለአዲሷ ቤዝ ተጫዋቻችን የስፒከር ሳጥን ልንገዛ ነው። መቼም እንዳንቺ ጆሮ ያለው የለም፤ እባክሽ አንድ ምረጪልን» አልክ። መጨረሻው ላይ የምትስቅ ድመት ለጥፈሃል። መልሱን በወረቀት የጻፍኩት በስልክ የሚላክልህን ነገር ከመጀመሪያው መስመር አልፈህ እንደማታነብ ስለማውቅ ነው።

ለመሆኑ ሳጥን በጆሮ እንደሚመረጥ ማን ነገረህ? ካኦሲዩንግ ከተማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ጋሼ ሉ ሱቅ የሄድን ቀን ጆሮ መች ፈለግክ? ባንዳችን ለወደቡ ቤተ መቅደስ በዓል ተቀጥሮ ነበር። ኮሚቴው ከወደደን የሰፈሩን ሠርግና ድግስ ሁሉ እንደምናገኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጊታሬን ካንዱ ሳጥን ወዳንዱ እየሰካሁ ስሞክር ዋልኩ። አንዱ ያጓራል፣ አንዱ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ይመስላል። በመጨረሻ ያገኘሁት ግን፣ ወፍራሙን ክር ስነካው ድምፁ አልተድበሰበሰም። እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ወጣ፤ የሱቁ መስታወት ሳይንቀጠቀጥ ከእግሬ ሥር ተሰማኝ። እንባዬ መጣ። ቀና ብዬ ሳይህ አንተ የስፒከሮቹን ቁጥር ነበር የምትቆጥረው።

«ስንት ናቸው?» አልክ፣ ከፊት ያለውን መረብ በጣትህ እየቧጨርክ።

«አራት» አለህ ጋሼ ሉ።

«ኧረ ጋሼ ሉ! የምንሄደው እኮ በዓል ነው፣ ቀብር አይደለም! አራት ሲሉ ሞት ያሉ አይመስልም? ሽማግሌዎቹ ከነሳጥኑ ባሕር ነው የሚከቱን!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳጥን ነው ወይስ አራተኛ የሌለው የሆስፒታል ፎቅ ነው የምትመርጠው?» አልኩህ።

«አንቺ ክርሽን ምቺ። ይሄ የመሪ ሥራ ነው።»

የመሪ ሥራ ብለህ ምን አደረግክ? ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያዞርክ ጀርባቸውን ማንበብ ጀመርክ። አንድ ትልቅ፣ ድምፁ የሚያጓራ ሳጥን ጀርባ ላይ «8 ኦም» የሚል ስታይ ሎተሪ የደረሰህ ነው የመሰልከው። ኦም ምን እንደሆነ አልጠየቅክም። ስምንቱ በቃህ፤ አጠራሩ ሀብትን ይመስላላ።

«ከዚህ ስንት አለዎት?»

«ሦስት» አለ ጋሼ ሉ፤ መቼም ሻጭ ነው፣ ዓይኑ በራ።

እኔ ነኝ ያስረዳሁህ። «ጂንፉ፣ ይሄ እንደ ብርቱካን የሚደመር ነገር አይደለም። ሳጥን በጨመርክ ቁጥር ይሄ ቁጥር ይወርዳል። ሁለቱን አብረህ ስትሰካቸው ድምፅ ማጉያው፣ አምፑ፣ አራት ብሎ ነው የሚያያቸው፤ የኛ አምፕ ደግሞ የሚችለው እስከ አራት ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ይግላል፣ ይቃጠላል።»

«ስምንትና ስምንት አራት? የት ነው የተማርሽው አንቺ?»

«ኤሌክትሪክ ነው።»

አሰብክ። ስታስብ ስላየሁህ ተስፋ አደረግኩ፤ ጅል እኔ። «ሁለቱ አራት የሚሆኑ ከሆነማ ሦስተኛውን ይጨምሩልኝ!» አልክ ለጋሼ ሉ። «ከአራት ያውጣኝ!»

«ያወጣሃል፤ ወደ ታች!» ብዬ ጮኽኩ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። «ሦስት ስምንት! ሀብት፣ ሀብት፣ ሀብት!» እያልክ ሱቁ ውስጥ ጨፈርክ። ከሞት ለመሸሽ አምፑን ገደል አፋፍ ወስደህ፣ አንድ ተጨማሪ ግፊት በገንዘብህ ገዛህለት። እንዳንተ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

የበዓሉን ቀን አንተ እንዴት አድርገህ እንደምታወራው ሰምቻለሁ። የሆነውን ልንገርህ። መድረክ የሚሆነን የጭነት መኪና ጎኑን ከፍቶ፣ መብራቱ ተንቆጥቁጦ፣ ሳጥኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ከመርካቸው። አምፑ ላይ፣ ማሽን እንዳያስቸግር ተብሎ የሚቀመጠውን አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት አስቀምጠህ «በል እንግዲህ፣ ጨዋ ሁን» አልከው። አንድ ብስኩት ያንተን ድንቁርና እንዲሸከም! በመጀመሪያው ዘፈን አክስቶቻችን ሁሉ ከክቡ ጠረጴዛ ተነስተው ጨፈሩ፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር የዓሣ ሾርባውን ትቶ ብርጭቆውን ወደኛ አነሳ። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣና አምፑ ጠፋ። ቤዝ ሲጠፋ ሰው ምን እንደጠፋ አያውቅም፤ እግሩ ብቻ ይቆማል። እግራቸው ሲቆም አየሁ።

አንተም ማይኩን አነሳህ። «ይቅርታ አክስቶቼ፣ ይቅርታ አጎቶቼ! ልጅቷ ክሩን እንደ ዳክዬ ሥጋ ስትከተክተው አምፑን ገደለችው!»

ቤተ መቅደሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ድምፅ የማይወጣው ጊታር ታቅፌ መኪናው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስንወርድ «ሰው ፊት አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ለዚህ ታኮርፊያለሽ እንዴ?» አልከኝ። በሳምንቱ ሌላ ሰው አመጣህ። ከዚያ በኋላ ወደቡ ላይ የትኛውም ባንድ ዘንድ ስሄድ «አምፕ ገዳይዋ አንቺ ነሽ?» ነበር የሚሉኝ። የሚቀጥረኝ ጠፋ። አሁን ጠዋት ጠዋት ለጡረተኞች የዘፈን ክበብ እጫወታለሁ። እነሱ ቢያንስ ሳይሰሙ አይፈርዱም፤ የማይሰማቸውም ከሆነ «አልሰማሁም» ይላሉ።

ወድጄህ ነበር። መባረሬ አይደለም ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለህ ትደውላለህ ብዬ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ መክረሜ ነው። አሁን ደወልክ መሰለኝ ብዬ መልእክትህን ስከፍት ሳጥን ምረጪልኝ አልክ። ለድመት የሚሆን ቦታ ነበረህ፤ ለይቅርታ ግን አልነበረህም።

ከእኔ በኋላ የመጣው ልጅ እንደሸሸህ፣ አሁን ደግሞ ሩዪ የምትባል ልጅ እንዳገኘህ የሰማሁት ካንተ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ራሷ ክበቡ ድረስ መጣች። ጡረተኞቹ እስኪጨርሱ ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

«ታላቅ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና» አለች፣ «አምፑን የገደልሽው አንቺ ነሽ ይላሉ። እውነት ነው?»

ነገርኳት። ሦስቱን ስምንት ስትሰማ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ጠየቀችኝ።

«እኔ ስጫወት ቢጠፋስ? ምን ብሎ ነው የሚያወራብኝ?»

«የኔን ሰምተሻል። ላንቺ አዲስ ያወጣልሻል።»

አብረን ጋሼ ሉ ዘንድ ሄድን። ልጅቷ ጆሮ አላት ጂንፉ፤ አይገባህም እንጂ ከኔ ትበልጣለች። ሳጥን ሲመረጥ ምን እንደሚደረግ ለሷ ያሳየኋትን ላንተም ልጻፍልህ፣ ምናልባት አንድ ቀን ሰው ከሆንክ ይጠቅምህ ይሆናል። ወፍራሙን ክር በቀስታ ምታ፤ በቀስታ ተመቶ የማይሰማ ሳጥን ሲጮህም አይሰማም። ከዚያ ሌላ ሰው ይምታልህና አንተ በሩ ጋ ሄደህ ቁም፤ የሚጨፍረው ሰው ያለው እዚያ ነውና። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንስተህ ሞክረው፤ ደረጃ ላይ ተሸክመህ የምትወጣው አንተ ካልሆንክ የሚሸከመውን ሰው ጠይቀው። ሩዪ ይህን ሁሉ አድርጋ የፈለገችውን መረጠች፤ ስንት ስፒከር እንዳለው አልነግርህም። በራሷ ገንዘብ ገዝታ በራሷ ቤት አስቀመጠችው።

ስለዚህ የምመርጥልህ ሳጥን የለም። ከሷ የተላከ መልእክት ግን አለ፤ ራሴ ላድርስልህ ብዬ ለምኜ ነው የተቀበልኳት። በዘንድሮው በዓል፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ዘፈኑ ሳይጀመር፣ ያን ቀን አምፑ ለምን እንደጠፋ ካልተናገርክ ሳጥኗ ከቤቷ አይወጣም፤ እሷም አትወጣም። በዓሉ ደርሷል፤ ሌላ ቤዝ ተጫዋች ደግሞ እስከዚያ አታገኝም። ጠይቄልህ ነበር፤ ወደቡ ላይ ያሉት ሁሉ አሁን ታሪኩን ያውቃሉ።

እኔ አልመጣም። ስትናገር ማየት አያምረኝም። ግን «ልጅቷ» ብለህ እንዳታልፈው፤ ማን እንደሆነች ሳያውቁ ይስቃሉ። «ትንሿ ሸን»ም አትበል። ሙሉ ስሜን ጥራ። ከረሳኸው ከዚህ ላይ እያየህ አንብበው።

ሸን ፔይሹዋን
ቤዝ ተጫዋች