በማስተናገድ ያለፈ ዕድሜ፦ ወ/ሮ ጉዲቱ ባጫ (1956–2017 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ጉዲቱ ባጫ ከአባታቸው ከአቶ ባጫ ሆርዶፋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አያንቱ ጉተማ፣ በሆለታ አቅራቢያ መጋቢት 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ አባታቸው በማረፋቸው ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ ቆመ። በ1971 ዓ.ም. ኮልፌ ይኖሩ ወደነበሩት አክስታቸው መጥተው፣ አየር ጤና አካባቢ በነበረ ምግብ ቤት ዕቃ በማጠብ ሥራ ጀመሩ። ከጓዳ ወደ አዳራሽ የወጡት አስተናጋጇ ታማ የቀረች ዕለት ነው፤ በዚያው ቀሩ።

በ1979 ዓ.ም. ከታክሲ ሾፌሩ ከአቶ ደግፌ ተክለማርያም ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሮቤራንና ማራኪን ወለዱ። አቶ ደግፌ በ1996 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ ልጆቹን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በቀጣዩ ዓመት ቤቴል በሚገኘው የአቶ ፈቀደ ምግብ ቤት ተቀጠሩ፤ ውለው አድረውም የአስተናጋጆች ኃላፊ ሆኑ።

ሥራው ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ጠርሙስ በሹካ ይመታል። ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ «አንቺ፣ ነይ እስቲ» ይላቸዋል፤ እርሳቸው «ምን ልታዘዝ ጌታዬ?» ይላሉ። ቤት ሲገቡ እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረው ይቆያሉ። ልጆቻቸው ከሌላ ክፍል ሆነው ሲጠሯቸው አይወዱም ነበር። «የምትፈልጉኝ ከሆነ አጠገቤ መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ስጠራ ነው የዋልኩት» ይሏቸዋል።

ወ/ሮ ጉዲቱ ቁጣ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ ተገርሟል። እሑድ ምሳ ሰዓት ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ዘወትር ከነጓደኞቹ የሚመጣ አንድ ደንበኛ «ጥብሱ ቀዝቅዟል» ብሎ ሉሲ የምትባለውን አዲስ አስተናጋጅ በጥፊ መታት። አቶ ፈቀደ ከባንኮኒው ተነሥተው መጡና ልጅቱን «በይ ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። ሉሲ ጉንጯን ይዛ አቀረቀረች። ይህን ጊዜ ወ/ሮ ጉዲቱ መካከል ገቡና ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ጌታዬ፣ ጥብሱ የቀዘቀዘው በእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። የጥፊውን ይቅርታ ግን የምንጠብቀው ከእርስዎ ነው» አሉት።

ሰውየው «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለ።

«ጉዲቱ እባላለሁ» አሉና እዚያው ቆሙ።

ሰውየው ይቅርታ ሳይጠይቅ ምሳውን ትቶ ወጣ። አቶ ፈቀደ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንበኛ እንዳይሸሻቸው ግን ይፈሩ ነበርና የዚያኑ ዕለት «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ብለው አሰናበቷቸው። ሉሲም አብራቸው ወጣች።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ማራኪ ገና ኮሌጅ ነበረች። ወ/ሮ ጉዲቱ በየምግብ ቤቱ ሥራ ቢጠይቁ ሁሉም ፊታቸውን አይቶ ልጅ እግር እንደሚፈልግ ይነግራቸዋል። ሉሲ ሳንሱሲ ከእህቷ ጋር ቁርስ ቤት ከፍታ «እትዬ፣ አብረን እንሥራ» ብላቸው ነበር። ሄደው አዩት፤ ለሁለቱ እህትማማቾች እንኳ የማይበቃ ጠባብ ክፍል ሆነባቸውና መርቀዋት ተመለሱ።

መስከረም ላይ አቶ ፈቀደ ሰው ልከው አስጠሯቸው፤ አዲሶቹ አስተናጋጆች አልበረክት ብለዋቸው ነበር። ወ/ሮ ጉዲቱም «ከእንግዲህ የተመታ ሰው ይቅርታ ጠይቅ የማይባል ከሆነ እመለሳለሁ» አሏቸው። አቶ ፈቀደ ተስማሙ፤ ቃላቸውንም አላጠፉም። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። ገና በተመለሱበት ሳምንት ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው አጨበጨበላቸው፤ ሄደው ታዘዙት። ልጆቻቸው ተናደው ለምን እንደተመለሱ ሲጠይቋቸው፣ «እኔ ሰዉን ሁሉ ማረም አልችልም። አስተናጋጆቹ ልጆች ተመትተው ይቅርታ እንዳይጠይቁ ካደረግሁ ይበቃኛል» አሏቸው።

በ2014 ዓ.ም. እግራቸው እያበጠ መቆም ሲያቅታቸው ሥራቸውን አቆሙ። የስኳር ሕመም ተጨምሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋሉ። ማራኪ ከማድቤት ወደ አልጋቸው ስትመላለስ ሰንብታ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ?» አለቻቸው።

«ምንም። ደክሞሻል፤ ቁጭ በይ» አሏት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናቷም እጇን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። በማግስቱ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ወ/ሮ ጉዲቱ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው ጎረቤቶች፣ ዕድርተኞችና የሥራ ባልደረቦች ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ዕድሜያቸውን ቆመው ለጨረሱት እናታችን በደጋጎቹ መካከል መቀመጫ ይስጥልን፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

አሜን።